ስለ ብረት ዝገትና ስለ ብረት ሠሪ መሣሪያ አጠባበቅ



ግንቦት ገብቶ የመጀመሪያው ዝናም ምድሩን ያለሰለሰ እንደሆነ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ያለ ገበሬ ሁሉ ዓይኑን ወደ ማረሻው ይመልሳል። ማረሻውም የደነዘ ወይም የተቈለመመ የሆነ እንደሆነ ገና ሳይነጋ ተሸክሞት ወደ ብረት ሠሪው ቤት ይገሠግሣል። ነገር ግን ብረት ሠሪው ጉጠቱን ቢያነሣ መጋጠሚያው በዝገት ተጣብቆ አልከፈት ቢለው፤ ሞረዱን ቢያነሣ ጥርሱ ተበልቶ ብረት የማይነክስ ቢሆንበት፤ የመስፉም ፊት ፈንጣጣ እንደ ጐበኘው ፊት ተቦርቡሮ ቢገኝ፤ ገበሬው የመጣበት ጉዳይ በዚያ ቀን ሊፈጸም አይችልም። በሬዎቹ ሳይጠመዱ ይውላሉ፤ ዝናሙ ግን ማንንም አይጠብቅም። አንድ ብረት ሠሪ የብዙ ጐጆ ማረሻና ማጭድ፤ መጥረቢያና ዶማ የሚሠራ ስለሆነ በእርሱ ጉጠት ላይ የተቀመጠ ዝገት በመንደሩ ሁሉ እርሻ ላይ የተቀመጠ ዝገት ነው።

ስለዚህ በመንደር ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ዝገት ምን እንደሆነ፤ እንዴት እንደሚከለከልና ከመጣም በኋላ እንዴት እንደሚወገድ አውቆ ለልጆቹ ቢያስረዳ፤ ሽማግሎችም ይህንኑ በየቤታቸው ቢያጸኑት፤ የሚገኘው ጥቅም ብዙ ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በገጠሩ ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ እጅግ ጥቂት ነው።

ብዙ ሰው ዝገት ከብረቱ ከራሱ የሚወጣ ደዌ ይመስለዋል፤ ሌላውም ሰው ሲያረጅ እንደሚሸብት ብረትም ሲያረጅ መዛጉ የማይቀር ነው ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዝገት ማለት ብረት ከአየርና ከውኃ ጋራ ሲዋሐድ የሚፈጠር አዲስ ነገር ነው። የምንተነፍሰው አየር ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ያህል ኦክሲጅን የሚባለው ሲሆን እንስሳ በሕይወት የሚኖርበት እሳትም የሚነድበት እርሱ ነው። ይህ ኦክሲጅን በእርጥበት ረዳትነት ከብረቱ ጋራ ሲጣበቅ ጠንካራው ብረት ተለውጦ እንደ ቀይ አፈር የሚፈረፈር ይሆናል። ፈረንሳዊው ሊቅ ላቮዋዚዬ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ18ኛው መቶ ዓመት ማዕድን ሲቃጠል ከአየር አንዱን ክፍል ወደ ራሱ እንደሚወስድና ክብደቱም እንደሚጨምር በሚዛን መዝኖ አስረዳ። ብረትም ሲዝግ እንዲሁ ነው፤ 100 ግራም ብረት ፈጽሞ የዛገ እንደሆነ ዝገቱ ከ140 ግራም በላይ ይመዝናል። የሚይዘውም ስፍራ ከቀድሞው ብረት ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። የጉጠት መጋጠሚያ የሚጣበቀው፤ የመዶሻም ዓይን እጀታውን የሚሰነጥቀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዝገቱ ያበጠበት ጠባብ ስፍራ መውጫ ስለሚያጣ ነው።

መምህሩ ይህን በቃል ብቻ ከሚናገረው ይልቅ ለልጆቹ ዓይን ቢያሳየው ይሻላል። ሦስት ጠርሙሶችና ሦስት ንጹሕ ምስማሮች ያግኝ። አንደኛውን ምስማር ከእሳት ዳር በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ አግብቶ አጥብቆ ይክደነው። ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ በፈላ ውኃ ውስጥ ያግባው፤ ውኃ ሲፈላ በውስጡ ያለው አየር ይወጣልና። አየርም ተመልሶ እንዳይገባበት በውኃው ላይ የኑግ ዘይት ያፍስስበት። ሦስተኛውን ግማሹ በውኃ ግማሹ በአየር ላይ ሆኖ ሳይከደን ይተወው። ከሳምንት በኋላ ልጆቹ ቀርበው ሲመለከቱ በደንብ የዛገው ሦስተኛው ምስማር ሆኖ ያገኙታል። አንደኛው አየር አለው፤ ውኃ ግን የለውም፤ ሁለተኛው ውኃ አለው፤ አየር ግን የለውም። ከዚህም የተነሣ ዝገት ሁለት ወላጆች እንዳሉትና ከሁለቱ አንዱን የከለከለ ሰው ዝገትን እንደሚከለክል ልጆቹ ራሳቸው ይፈርዳሉ።

ደግሞ ሌላ ማስረጃ አለ። ከብረት ሠሪው ቤት የሞረድ ብናኝ ለምኖ በውኃ ካራሰ በኋላ በብርጭቆ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው፤ ብርጭቆውንም ውኃ ባለበት ሳህን ላይ ይድፋው። ጥቂት ቀን ከቈየ በኋላ ውኃው በብርጭቆው ውስጥ ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ዝገቱ የበላውን አየር ስፍራ ውኃው ገብቶ ሞላው ማለት ነው።

አንድ አስተዋይ ሽማግሌ ግን «ሌላውስ ማዕድን ስለ ምን እንደ ብረት አይጠፋም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓመተ ምሕረት ከመቅደላ ጦርነት ጀምሮ በተራራው ላይ ፀሐይና ዝናም ሲፈራረቅበት ኖሯል፤ ሆኖም ቅርጹን እንደ ያዘ ነው። ይህም የሆነው መድፉ ከነሐስ የተሠራ ስለሆነ ነው። ነሐስ በላዩ የሚወጣው አረንጓዴ ልባስ አጥብቆ ተለጥፎ ውስጡን ይሸፍንለታል። የብረት ዝገት ግን እንደ ቅርፊት እየተነሣ ይወድቃል፤ እርጥበትንም እንደ ጥጥ ይመጣል፤ ስለዚህ አንዱ ሲረግፍ ከበታቹ ያለው ይጀምራል፤ ብረቱም እስኪያልቅ ድረስ አያቆምም። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ብዙ ዓመት ሳይዝግ የሚቈየው ዚንክ በሚባል ማዕድን ስለ ተለበጠ ነው፤ ልባሱ ያለቀ ዕለት ቆርቆሮውም ይቀላል። በህንድ አገር በዴልሂ ከተማ ደግሞ ቁመቱ ከ7 ሜትር፤ ክብደቱም ከ6 ቶን የሚበልጥ የብረት ዓምድ 1,600 ዓመት ያህል በሜዳ ቆሞ እጅግም ሳይዝግ ይኖራል። የመረመሩት ሊቃውንት በብረቱ ውስጥ ፎስፎረስ የሚባል ነገር በዝቶ ስለ ተገኘ በላዩ ስስ መከላከያ ልባስ እንዳበጀለት ተናግረዋል። ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ልብስ ያለው ብረት ይኖራል፤ ዕራቁቱን የቀረ ብረት ይጠፋል። ለብረት ሠሪው መሣሪያ ልብሱን የሚያለብሰው ግን የባለቤቱ እጅ ነው።

እንግዲህ በብረት ሠሪው ቤት ዝገትን የሚጠሩት ነገሮች እነማን እንደሆኑ መመልከት ይገባል። ፊተኛው የምድሩ እርጥበት ነው። በክረምት ወራት የቤቱ መሬት እርጥበት ይተፋል፤ ጉጠትና መሮ በመሬት ላይ ተጥለው ያደሩ እንደሆነ በመሬት በኩል ያለው ጎናቸው ቀልቶ ይነጋል። ሁለተኛው የጋለ ብረት የሚነከርበት የውኃ ገንዳ ነው፤ ከእርሱ የሚነሣው እንፋሎትና ፍንጣቂ በአጠገቡ በተሰቀለው መሣሪያ ሁሉ ላይ ያርፋል። በውኃው ጨው የተጨመረ እንደሆነ ጉዳቱ ይብሳል፤ ጨው እርጥበትን ከአየር ይስባልና። ሦስተኛው የከሰል ትቢያ ነው፤ በመሣሪያው ላይ ተከምሮ ሲረጥብ ውኃውን ይዞ ያቈያል፤ ዝገቱንም ያፋጥናል። አራተኛው የሰው ላብ ነው፤ ላብ ጨው ስላለበት በጽዳት ተሞርዶ የነበረ ብረት በጣት አሻራ ልክ ሲዝግ ይታያል። አምስተኛው አንድ የቈየ ልማድ ነው፤ እጀታው የላላ መዶሻ ወይም መጥረቢያ እንዲጠብቅ ሲባል በውኃ ተነክሮ ያድራል። እንጨቱ ለጊዜው ያብጣል፤ ሲደርቅ ግን ከፊት ይልቅ ይላላል፤ የብረቱም ዓይን ከውስጥ ይዝጋል። ይህን ከማድረግ ደረቅ ሽብልቅ መምታት ይሻላል።

አየሩ ራሱ ሊሸከመው ከሚችለው እርጥበት ከግማሽ በላይ የያዘ እንደሆነ ውኃ ሳይነካው እንኳ ብረት መዛግ ይጀምራል። በምዕራብ ጐጃም ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው አየር እንዲህ ያለ ነው። በዚህም ረገድ ማረሻና ማጭድ ዕድላቸው የተለያየ መሆኑን ልብ ይሏል። ማረሻ የሚሠራው በዝናሙ ወራት ነው፤ በየቀኑ አፈሩ ስለሚፍቀው ጫፉ እንደ ብር ያበራል፤ የሚያርፈውም አብዛኛውን ጊዜ በበጋ ነው። ማጭድ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ አጭዶ ከጨረሰ በኋላ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥበት ዘመን ክረምቱን በሙሉ ያጠቃልላል። ስለዚህ ሳይቀባ ከተሰቀለ ማጭድ በሥራ ብዛት ከሚጠፋው በዕረፍት የሚጠፋው ይበልጣል። የብረት ሠሪውም ሞረድና መሮ ብዙ ጊዜ የሚጐዱት በሥራ ላይ ሳሉ ሳይሆን ሥራ በቀዘቀዘበት በሐምሌና በነሐሴ ነው።

ዝገትን የመከላከል ሥርዓት አራት ነው፤ ይኸውም ማጽዳት፤ ማድረቅ፤ መቀባትና መስቀል ነው። ብረት ሠሪው ማታ ሥራውን ሲፈታ የከሰሉን ትቢያና የብረቱን ቅርፊት በደረቅ ጨርቅ ይጥረግ፤ የረጠበውንም መሣሪያ ከምድጃው ዳር አድርጎ ያድርቀው፤ ከዚያ በኋላ ዘይት በነካ ጨርቅ ይወልውለው፤ በመጨረሻም ከመሬት ከፍ አድርጎ የእሳቱ ሙቀት በሚደርስበት፤ ነገር ግን ከውኃው ገንዳ በራቀ ግድግዳ ላይ ይስቀለው። ይህ ሁሉ የሚወስደው ጊዜ ቡና ከሚፈላበት ጊዜ አይበልጥም። የመስፉም ፊት በዘይት ተወልውሎ በደረቅ ቈዳ ወይም ጨርቅ ይሸፈን፤ የቆመበትም ግንድ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ግንድ ብረቱን ከታች ይበላዋልና። ሞረዶች እርስ በርሳቸው እንዳይፋጩ እያንዳንዳቸው በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልለው ይቀመጡ።

ስለሚቀባውም ነገር ጐጃም የታደለ አገር ነው፤ ኑጉም ተልባውም ማሩም ሞልቶበታል። የኑግና የተልባ ዘይት በስሱ ተቀብተው አየር ሲያገኙ እየደረቁ እንደ ቆዳ ሆነው ብረቱን ይሸፍናሉ፤ በብዛት የተቀባ ግን ይሙለጨለጫል፤ አቧራም ይሰበስባል። ለክረምት ከሁሉ የሚሻለው 1 እጅ ሰም በ3 እጅ ዘይት አድርጎ በሙቅ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ማቅለጥ ነው። ሲበርድ እንደ ለጋ ቅቤ ይሆናል። መሣሪያውም ሰሙን ለማቅለጥ ያህል ብቻ ይሙቅና ይቀባ፤ ሰም 65 ዲግሪ በማይሞላ ሙቀት ስለሚቀልጥ ይህ ሙቀት የመሮን ወይም የመዶሻን ጥንካሬ አይነካም። ጉጠት ግን በውኃ የጠነከረ ብረት ስላልሆነ ከዚያ አብልጦ አሙቆ በተልባ ዘይት ቢቀባ ዘይቱ ጠቁሮ ይጋገርበታል፤ ልባሱም ረጅም ጊዜ ይቈያል። ያልነጠረ ቅቤ ውኃ ስላለበት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሞራም ቢሆን ቈይቶ ሲኮመጥጥ ብረቱን መልሶ ይነካል። በዛሬ ዘመን ከመኪና የሚወጣውን የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ ብዙዎች ናቸው፤ ለድጅኖና ለመሰለው ያገለግላል፤ ነገር ግን ጤናን የሚጐዳ ነገር ስላለበት እህል በሚነካ ቢላዋና ማጭድ ላይ መቀባት አይገባም። ደግሞ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተከምሮ ሲቀር በራሱ እየሞቀ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ስለዚህ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ በሣር ክዳን ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ አይጣል።

ዝገቱ ከመጣ በኋላ ግን አወጋገዱ እንደ መጠኑና እንደ መሣሪያው ዓይነት ነው። ገና እንደ ቀይ ዱቄት ያለ ዝገት ዘይት በነካ ጨርቅና በነፋ አመድ ሲታሽ ይለቃል። ከዚያ የባሰውን በደቃቅ አሸዋና በዘይት፤ ወይም በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ነው። መጋጠሚያው የተጣበቀ ጉጠት ዘይት ወይም ላምባ እየተንጠባጠበለት ይደር፤ በማግሥቱም በቀስታ እየተመታ ይከፈት። ይህ ባይሆን ላምባው ፈጽሞ ከተጠረገና ከደረቀ በኋላ መጋጠሚያው በእሳት ግሎ ይንቀሳቀስ።

ዝገቱ ወደ ጥልቅ የገባ እንደሆነ የሎሚ ውኃ ወይም አቼቶ ይረዳል። መሣሪያው በዚያ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ቢነከር ዝገቱ ይለሰልሳል፤ እየወጣ እየተፈተገ ይታይ። ነገር ግን ኮምጣጣው ነገር ዝገቱን ጨርሶ ወደ ደኅናው ብረት ስለሚሻገር፤ የጠነከረ ብረትም በርሱ ውስጥ ብዙ ከቈየ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፤ ረስቶ መተው አይገባም። ከወጣም በኋላ በአመድ ውኃ ይታጠብ፤ አመድ የኮምጣጣውን ኃይል ያጠፋልና። ወዲያውም በእሳት ደርቆ ዘይት ይቀባ፤ ሳይቀባ ከቀረ በዚያው ቀን መልሶ ይቀላል።

መምህራን ለልጆች ሊያሳዩት የሚገባ ሌላ መንገድ ደግሞ አለ። ቀይ ዝገት የያዘው ብረት ልቅላቂው ከተጠረገ በኋላ በንጹሕ ውኃ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢቀቀል የቀረው ቀዩ ስስ ዝገት ወደ ጥቁርነት ይለወጣል። ይህ ጥቁሩ ብረቱን አጥብቆ የሚይዝ ስለሆነ ዘይት ሲቀባ ጥሩ ልባስ ይሆናል። ጠመንጃ ሠሪዎችም አፈሙዝን የሚያጠቍሩበት አንዱ ጥበብ ይኸው ነው። ጠላት የነበረው ዝገት በፈላ ውኃ ተገርቶ ዘበኛ ይሆናል ማለት ነው።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች ግን አይዘንጉ። መጀመሪያ፤ የዛገ መሮ ወይም ሞረድ ዝገቱ እንዲለቅ ተብሎ በእሳት አይጋል፤ ዝገቱ ቢለቅም ብረቱ ይለሰልሳል፤ እንደ ገና በውኃ ነክረው ካላጠነከሩትም ሥራ አይሠራም። ሁለተኛ፤ ዚንክ የተለበጠ ብረት በምድጃ አይግባ፤ ከርሱ የሚወጣው ነጭ ጢስ ትኵሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። ሦስተኛ፤ የዛገ ብረት የወጋው ልጅ ቁስሉ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ዝገቱ ራሱ አይደለም፤ በአፈርና በአዛባ ውስጥ የሚኖር ተሐዋሲ ነው፤ ነገር ግን በሜዳ የወደቀ የዛገ ብረት ይህን ተሐዋሲ ይዞ ሊገኝ ይችላል።

አሁን የተነገረው ሁሉ ለብረት ሠሪው አዲስ አይደለም። አመዱንም ዘይቱንም ሰሙንም ብዙዎቹ ከአባቶቻቸው ተቀብለው ያውቁታል፤ ያረጀ የመኪና ባሌስትራ ለውጦ ማጭድ የሚያደርግ ሰው ስለ ብረት ጠባይ የሚያስተምረው ብዙ ነገር አለው። የጐደለው ነገር ዕውቀቱ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት አለመግባቱ ነው። ለዚህም ምክንያት የሆነው ባለ እጅን መናቅ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር ከልክለዋል፤ የሚሳደበውም የሚሰድበው ንጉሡን እንደሆነ አስታውቀዋል። ይሁን እንጂ ማረሻውን ተቀብሎ ሠሪውን የሚያንኳስስ አንደበት ከዚያ በኋላም አልጠፋም። ልጁ የአባቱን ሙያ እያፈረ ከተወው፤ የአባቱ መዶሻና መስፍ በማእዘን ተጥሎ ይዝጋል፤ ከመሣሪያው ጋራም ጥበቡ አብሮ ይዝጋል። ያን ጊዜ ኑግም ሎሚም አያድነውም። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 6 ብልና ዝገት መዝገብን የሚያጠፉ ተብለው አብረው ተጠርተዋል፤ የአገር መዝገብ ደግሞ የሰዎቿ ሙያ ነው።

ስለዚህ የመንደሩ መምህር በሰኔ ትምህርት ሳይዘጋ አንድ ቀን ለይቶ ብረት ሠሪውን ወደ ትምህርት ቤቱ ይጋብዝ፤ ሽማግሎችም ከፊት ተቀምጠው በክብር ይቀበሉት። ልጆቹ ከየቤታቸው ማጭድ ይዘው ይምጡ፤ እርሱም አጠራረጉንና አቀባቡን በእጁ ያሳያቸው። ከማጭዶቹም መካከል ያረጁ ሁለት ተመርጠው አንዱ ተቀብቶ ሁለተኛው ሳይቀባ በአንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ይሰቀሉ። ክረምቱ አልፎ በመስከረም ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጆቹ አስቀድመው ወደዚያ ግድግዳ ይሂዱ። አንደኛው ማጭድ ለኅዳር አዝመራ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፤ ሁለተኛው ግን ቀልቶ ይታያል። ሁለተኛውንም ብረት ሠሪው በፊታቸው ይጥረገው፤ ይቀባውም፤ እነርሱም የተማሩትን በየቤታቸው ይፈጽሙት።